የላይኛው እንፋሎት

በመውጫ ከተማ ሰው ሰዓቱን የሚያውቀው በእንፋሎቱ ነው። ከሜዳው ማዶ፣ ከሮኬቱ ጎን ነጭ ነገር መውጣት ሲጀምር ነዳጅ እየተሞላ ነው ማለት ነው። ባለሱቆች መስታወቱ እንዳይሰነጠቅ መስኮታቸውን ይከፍታሉ፤ አስተማሪዎች ልጆቹን ከሜዳ ወደ ክፍል ያስገባሉ። ነጩ ነገር በአንድ ጊዜ ሲጠፋ አራት ደቂቃ ቀርቷል። ያኔ ልብስ ያሰጣ ልብሱን ይሰበስባል፣ ሕፃን ያቀፈ የሕፃኑን ጆሮ ይይዛል፣ ስልክ የሚያወራ «ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ» ይላል። መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ይህ ከእሁድ በስተቀር በቀን ሁለት ጊዜ ነው።

ዓመቱ 2079 ነው። ሮኬቶቹ የሚያመላልሱት ሠራተኞችን ነው። ጉልበትና ልባቸው የደከመ የውጭ አገር ባለጸጋ ሽማግሌዎች ክብደት በሌለበት ጣቢያ መኖር ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏል፤ የሚያጥባቸው፣ የሚያጎርሳቸው፣ የአየር ማጣሪያቸውን የሚያጸዳላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ውሉ የአራት ዓመት ነው። በአንድ ሮኬት አርባ ሰው ይሄዳል።

አመለወርቅ የምትኖረው ይህን እንፋሎት በማየት ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ወደዚህ ሥራ ከመግባቷ በፊት አውቶቡስ መናኸሪያ ስምሪት ክፍል ነበረች። አሁን የሥራ መደቧ «የዓይን ምስክር» ይባላል። ከብዙ ዓመት በፊት በሌላ አገር አንድ ሮኬት ከነተሳፋሪዎቹ ከፈነዳ በኋላ የኢንሹራንስ ድርጅቶቹ መሣሪያ ብቻውን አይበቃም፣ የሰው ዓይንም ይመስክር ስላሉ የተፈጠረ መደብ ነው። ከማስወንጨፊያው አራት ኪሎ ሜትር ርቆ በቆመ ማማ ላይ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች። ፊት ለፊቷ መስኮት፣ በብረት እግር ላይ የቆመ የሩቅ ማሳያ መነጽር፣ የመገናኛ ሬድዮ፣ አረንጓዴ ቁልፍና ቀይ እጀታ አሉ። በየሁለት ደቂቃው ደወል ይጮኻል። ደወሉ ሲጮኽ ከላይኛውም ከታችኛውም ታንክ እንፋሎት መውጣቱን አይታ አረንጓዴውን ትጫናለች። ቁልፉ ላይ «ይታያል» ተብሎ ተጽፏል። ቀዩ እጀታ ሁሉንም ነገር ያቆማል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ነክታው አታውቅም።

ወደ ማማው የሚወስደው መንገድ በሸኚዎች አጥር በኩል ያልፋል። ከሩቅ አገር የመጣች እናት ነጩን ስታይ መደንገጧ አይቀርም።

«እየተቃጠለ እኮ ነው» ትላለች።

«ጭስ አይደለም፣ እናቴ። ብርድ ነው» ትላታለች አመለወርቅ። «ውስጡ ያለው ኦክስጅን ነው፤ ይሄው የምንተነፍሰው፣ ግን ፈሳሽ እስኪሆን የቀዘቀዘ። የእኛ አገር አየር ለእሱ እሳት ነው፤ ታንኩ ውስጥ ሆኖ ሳያቋርጥ ይፈላል። የፈላው ካልወጣ ታንኩን ይቀደዋል። ስለዚህ በር ይከፈትለታል።»

«ታዲያ ነጩ ምንድን ነው?»

«የአየሩ እርጥበት ነዋ። ብርዱ ሲነካው ጉም ይሆናል። ኦክስጅኑ ራሱ አይታይም።»

«እንዲህ ሲወጣ ውሎ አያልቅም?»

«የወጣውን ያህል ከሥር ይሞሉታል። ሊነሳ አራት ደቂቃ ሲቀረው በሩን ይዘጉታል፤ ታንኩ በግፊት ጠንክሮ መቆም አለበት። ነጩ ሲጠፋ እንግዲህ ልጅሽን ተሰናበቻት።»

ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገረችው አታውቅም። ድምጿ መንገድ እንደሚያሳይ ሰው ድምፅ ነበር።

ረድኤት ውሉን የፈረመችው ሳትነግራት ነው። የአመለወርቅ የታላቅ እህቷ ልጅ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። አራት ዓመት ሳይሞላት እናቷ ለሥራ ዐረብ አገር ሄደች። መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየበዓሉ ትደውል ነበር፤ በኋላ ስልኩን ሌላ ሰው ማንሳት ጀመረ። ልጅቷን አመለወርቅ አሳደገቻት። ረድኤት «እቴቴ» ትላታለች።

ከበረራው በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ረድኤት ተላጭታ መጣች። ፀጉር የአየር ማጣሪያ ይደፍናል ስለሚባል ተጓዦች ሁሉ ይላጫሉ። ከጆሮዋ በላይ ነጣ ያለ ጠባሳ ታየ፤ በስድስት ዓመቷ ከደረጃ የወደቀች ጊዜ የተሰፋ ነው። አመለወርቅ ጠባሳው መኖሩን ረስታው ነበር።

«አትሂጂ» አለቻት።

«ተነጋግረን ጨርሰናል እኮ፣ እቴቴ።»

«መቼ ተነጋገርን? አንቺ ነገርሽኝ፣ እኔ ሰማሁ።»

«በቀን አርባ፣ ሰማንያ ሰው ስትሸኚ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው። እነሱን አትሂዱ ብለሽ ታውቂያለሽ?»

«እነሱን አላሳደግኳቸውም።»

ረድኤት ሻንጣዋን መሬት ላይ ዘርግታ ልብሷን እየጠቀለለች ታስገባለች።

«እናትሽም ሻንጣዋን ስትዘጋ ቀና ብላ አላየችኝም» አለች አመለወርቅ።

ይህን ማለት አልነበረባትም፤ ከአፏ እንደወጣ አወቀችው። ረድኤት ዚፑን እስከ ጫፉ ሳበችው፣ ሻንጣውን አነሳች፣ ወደ ተጓዦች ማደሪያ ሄደች። በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

በማግስቱ አመለወርቅ ፈረቃ መቀየር ትችል ነበር። አልቀየረችም። ከአጥር ኋላ ከእናቶቹ ጋር ከመቆም ማማው ላይ መሆን ይሻላል ብላ አሰበች። ሁለት ሰዓት ላይ ወጣች። ከምሥራቅ ደረቅ ነፋስ ይነፍስ ነበር፤ ከንፈሯን ሁለት ጊዜ ቅባት ቀባች፣ ሁለቴም ደረቀ። ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ መነጽሩን ጠረገች፣ እንደገና ተቀመጠች። ሁልጊዜ ደወሉን እየጠበቀች ከትንሽ የሙዚቃ ሬድዮ ዘፈን ታዳምጥ ነበር፤ ዛሬ አልከፈተችውም። ደወሉ ከመጮሁ በፊት ዓይኗ መነጽሩ ላይ ነበር፣ ከጮኸም በኋላ አልነቀለችውም።

አርባዎቹ ሮኬቱ አናት ላይ ወዳለው ክፍል ከማስወንጨፊያው በተዘረጋው ድልድይ ሲገቡ ከአራት ኪሎ ሜትር ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ሁሉም ተላጭተዋል፣ ሁሉም ግራጫ ለብሰዋል። አስራ ሰባተኛዋን ረድኤት ናት ብላ ያዘች። ሃያ ሦስተኛዋንም።

ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሁለቱም የእንፋሎት በሮች ለሙከራ ተዘጉ። ይህ የተለመደ ነው። ግማሽ ደቂቃ ተዘግተው ይከፈታሉ። ነጩ ጠፋ። አመለወርቅ በልቧ መቁጠር ጀመረች። ሠላሳ ላይ የታችኛው ተመለሰ፤ ቀጭን ነበር፣ ነፋሱ ወዲያው ወደ ጎን ይወስደዋል፣ ግን ነበር። የላይኛው አልተመለሰም።

ከመነጽሩ ተነስታ በባዶ ዓይኗ አየች። ተመልሳ በመነጽሩ አየች። ደወሉ ጮኸ። እጇን ወደ አረንጓዴው ላከች፣ መለሰችው። የመገናኛ ሬድዮውን አነሳች።

የፈረቃው ኃላፊ ኢንጂነር ፈርሃን ነበር። እዚሁ ሸበሌ ወንዝ ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው።

«ኢንጂነር፣ የላይኛው አይታየኝም።»

«አንድ ጊዜ ይታገሱኝ፣ ወይዘሮ አመለወርቅ።» ቁልፎች ሲጫኑ ተሰማ። «መሣሪያው በሩ ክፍት ነው ይላል።»

«ግፊቱስ?»

«ትንሽ ከፍ ብሏል። ከልኩ አላለፈም። ይስሙኝ፣ ዛሬ አየሩ እጅግ ደረቅ ነው። እርጥበት ከሌለ ጉም አይሠራም። ኦክስጅኑ እየወጣ ለዓይን ላይታይ ይችላል።»

ትክክል ነበር። ይህንኑ እሷ ራሷ ለእናቶቹ ስትናገረው ኖራለች። ለአፍታ ቀለል አላት። ከዚያ ተመልሳ አየች።

«የታችኛው ግን ይታያል» አለች። «አየሩ አንድ ነው።»

ከፈርሃን ኋላ ሌሎች ድምፆች ቁጥር ይጠራሉ።

«ላይ ነፋሱ ይበረታል፤ ሊበትነው ይችላል» አለ።

«ከሙከራው በፊት ግን አልበተነውም።»

«ወይዘሮ አመለወርቅ፣ ተሳፋሪዎቹ ውስጥ የእህትዎ ልጅ አለች፣ አይደል?»

«አለች።»

«ይህን የምለው ለክፋት አይደለም። በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ ስለሆነ ነው። እኔ ፊቴ ያለው መሣሪያ ደህና ነው ይላል። ደህና የሚል መሣሪያ ይዤ ላቆም አልችልም። እጀታው የእርስዎ ነው።»

አስራ አራት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። በተመደበለት ሮኬት ያልሄደ ሰው ተራው ከመጨረሻ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ሰልፉ የአስራ አራት ወር ነበር። አርባ ሰው ተመልሶ ወደ ሰልፉ ጫፍ ይሄዳል። ረድኤትም ሆን ብላ አስቀረችኝ ትላለች፤ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ትላለች። አመለወርቅ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰበችው። ከሁሉ ያስፈራት ሌላ ነበር፦ የማየውን የማየው እንዳትሄድ ስለምፈልግ ቢሆንስ? ዓይኗን ጨፈነች፣ አስር ቆጠረች፣ እንደማታውቀው ሮኬት አድርጋ ልታየው ሞከረች። የታችኛው ነጭ ነበር። ከላይኛው በር ሥር ያለው ብረት ላይ ተጋግሮ የነበረው አመዳይ በፀሐዩ መቅለጥ ጀምሮ፣ ጠቆር ያለ የውሃ መስመር ወደ ታች እየወረደ ነበር። ከበሩ የሚወጣ ብርድ አይነካውም ማለት ነው።

እጀታውን በሁለት እጇ ሳበችው። ከጠበቀችው በላይ ቀላል ነበር።

ድልድዩ ተመልሶ ሮኬቱ ላይ እስኪገጥም ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ተሳፋሪዎቹ አንድ በአንድ ወጥተው በአሳንሰር ወረዱ፤ አውቶቡሶቹ ይዘዋቸው ከሜዳው ሲወጡ ሌላ አስራ አምስት ደቂቃ አልፏል። አመለወርቅ አርባ እስኪሞላ ቆጠረች። የመጨረሻው አውቶቡስ በሩን አልፎ ጥቂት እንደሄደ ከሜዳው ከባድ ድምፅ ተሰማ። ግፊት ሲበዛ እንዲቀደድ ተብሎ የተሠራው ስስ ብረት ተቀዶ ነበር። ከላይኛው ታንክ የወጣው ነጭ ሮኬቱን ከአናቱ እስከ እግሩ ሸፈነው፣ መሬት ላይ ወርዶ እንደ ጎርፍ ተዘረጋ፣ ድልድዩን ዋጠው። ሩብ ሰዓት ያህል ሮኬቱ አልታየም። ማንም አልሞተም።

በሦስተኛው ቀን ሦስት መርማሪዎች ጠየቋት። ጥያቄያቸው ሠላሳ አንድ ነበር፤ ዘጠኙ ስለ ረድኤት ነበሩ። ለተጓዦቹ የተሰጠው ወረቀት ግን አራት መስመር ብቻ ነው፦ በረራው ለጥንቃቄ ሲባል ተቋርጧል፣ የአደጋ መከላከያው በታቀደለት መንገድ ሠርቷል፣ ተጓዦችን ለአደጋ የሚያጋልጥ ሁኔታ አልነበረም፣ ተራችሁን ጠብቁ።

ረድኤት ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። ሌላ የምትሄድበት ቦታ አልነበራትም። ማደሪያው ውስጥ የማማው ሴት አክስቷ መሆኗ ተሰምቷል፤ ሠላሳ ዘጠኙም ሰዎች እያዩዋት ዕቃዋን ሰብስባ ነው የወጣችው። ለአምስት ቀን ከአመለወርቅ ጋር በአንድ ጠረጴዛ በላች፣ በአንድ ክፍል ተኛች፣ ካላስፈለገ አልተናገረችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ «ምንም አልነበረም ይላል ወረቀቱ» አለች።

«ያየሁትን አይቻለሁ» አለች አመለወርቅ።

«ማየት የፈለግሽውን።»

በስድስተኛው ቀን ኡጁሉ መጣ። የጋምቤላ ልጅ ነው፤ ማስወንጨፊያው ላይ የቫልቭ፣ የእንፋሎት በሮቹ፣ ሠራተኛ ሲሆን ከአመለወርቅ ጋር በሠራተኞች ክበብ ይተዋወቃሉ። አልቀመጥም ብሎ በሩ አጠገብ ቆመ።

«የላይኛውን በር እኔ ነኝ የፈታሁት» አለ። «በዋዜማው የእንፋሎት ማውጫው ላይ መሸፈኛ ሳይደረግበት ቀርቶ እርጥበት ገብቶበታል። ለሙከራ ሲዘጋ እርጥበቱ በረዶ ሆኖ ክዳኑን አጣበቀው። እንዲከፈት ሲታዘዝ ሞተሩ ዞሯል፣ ክዳኑ አልዞረም። መሣሪያው የሚለካው ሞተሩን ነው። ሞተሩ ዞረ፣ ስለዚህ ክፍት ነው አለ።»

«የተቀደደው ብረትስ?» አለች ረድኤት። ከመጣ ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። «በታቀደለት መንገድ ሠራ ይላሉ።»

«ሠርቷል። ሮኬቱ ቆሞ፣ ውስጡ ሰው ሳይኖር ነው የሠራው።» ቆቡን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እየወጣ ሳለ ቢሆን እናንተ የነበራችሁበት ክፍል ከዚያ ብረት በላይ ሦስት ሜትር ነው። ይህን ከእኔ አልሰማችሁም።»

ከሄደ በኋላ ረድኤት ቁጭ ብላ ቆየች። ውጭ የከሰዓቱ ሮኬት እንፋሎት ቆሞ ጎረቤት «ልብሱን ሰብስቡ» ሲል ይሰማል።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እቴቴ» አለች።

አመለወርቅ ይቅርታውን ተቀብላ ዝም ማለት ትችል ነበር። ማታ ማታ ልታርፍበት የምትችለው ነገር ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ረድኤት። «እኔ ባልኖርበትስ? ታቆሚው ነበር?»

«አንቺ ባትኖሪበት አላየውም ነበር።»

«እንዴት?»

«አላይም ነበራ። ደወሉ ሲጮኽ እጫናለሁ። ሬድዮ እየሰማሁ፣ ጥፍሬን እየቆረጥኩ። በዓይኔ ጫፍ ነጭ ነገር ካየሁ ይበቃኝ ነበር። የታችኛውን አይቼ እጫን ነበር፤ ያ ነው እውነቱ።»

ረድኤት አንገቷን አዙራ አየቻት።

«ስንት ጊዜ?»

«አልቆጠርኩትም። ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ በረራ ይሆናል።»

«ሰው እኮ ነው ውስጡ ያለው።»

«አውቃለሁ። ለእናቶቻቸውም በሩ ለምን እንደሚከፈት አስረዳቸው ነበር። ከዚያ ማማው ላይ ወጥቼ ሳላይ እጫናለሁ።»

መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ሁለቱም ድምፁ እስኪያልፍ ጠበቁ።  ረድኤት ተነስታ ወደ ውጭ ወጣች፤ ሲመሻሽ ተመለሰች፤ ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሳችም።

በረራውን የሚያካሂደው ድርጅት አርባዎቹን ከሰልፉ መጨረሻ ወደ ፊት አምጥቶ በሰባተኛው ሳምንት እንደሚልካቸው አስታወቀ። ማንም ምክንያቱን አልጠየቀም። ረድኤት እሄዳለሁ አለች። አመለወርቅ አትሂጂ አላለቻትም። ፀጉሯ ሁለት ጣት ያህል አድጎ ስለነበር እንደገና መላጨት ነበረበት፤ ይህን ጊዜ አመለወርቅ ራሷ ላጨቻት፣ ጠባሳው ጋ ስትደርስ እጇን ቀለል አድርጋ። አዲስ ደንብ ወጥቶ ነበር፦ የዓይን ምስክር ዘመዱ በሚሳፈርበት በረራ ላይ አይመደብም። የዚያን ቀን ማማው ላይ የሚወጣው ሰይፉ ነው።

ሰይፉ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሥራውን ከሁለት ዓመት በፊት ያስተማረችው አመለወርቅ ናት። የመጀመሪያ ቀኑን ታስታውሳለች። መነጽሩ ላይ ተለጥፎ አንገቱ ሲደነዝዝ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ፣ «እንዲህ ከሆንክ ወር አትቆይም፤ ደወሉ ይጮኻል፣ ትጫናለህ፣ በቃ» ብላው ነበር። በረራው አንድ ቀን ሲቀረው ቤቱ ሄደች።

«ሰይፉ፣ ያን ጊዜ ያልኩህን እርሳው።»

«የቱን?»

«ነገ እያንዳንዱን እየው። በተለይ ከሙከራው በኋላ የላይኛውን።»

«ምን ነካሽ? አያለሁ እኮ» አለ ሰይፉ እየሳቀ። «የእህትሽ ልጅ የእኔም ልጅ አይደለች?»

በማግስቱ አመለወርቅ ከአጥሩ ኋላ ቆመች። እጇ ላይ ምንም አልነበረም፤ የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። አጠገቧ የነበረች አንዲት እናት ነጩን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት። አመለወርቅ «ብርድ ነው» ብቻ አለች። ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነጩ ጠፋ። ሠላሳ ቆጠረች። የታችኛው ተመለሰ። ከአጥሩ ሆኖ የላይኛውን ሮኬቱን የደገፈው ብረት ይከልለዋል፤ ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ቀኝ ሄደች፣ በጫማዋ ጫፍ ቆመች፣ ሰው ገፋች። አልታያት አለ። ከዚያ ፊቷን ወደ ማማው አዞረች። የሰይፉ ፊት ወደየት እንደዞረ ማየት ፈለገች። የማማው መስታወት ፀሐዩን እየመለሰ ያንጸባርቅ ነበር፤ ውስጡ ሰው ይኑር አይኑር አይለይም። አስራ ስድስቱን ደቂቃ መስታወቱን እያየች ቆመች።

አራት ደቂቃ ሲቀረው የታችኛውም ቆመ። እናቶቹ እጃቸውን አነሱ። ሮኬቱ ተነሳ፣ ነጭ መስመር ሆነ፣ ከዚያ ነጥብ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድርጅቱ አርባዎቹ በሰላም መንገድ ላይ መሆናቸውን በድምፅ ማጉያ አስነገረ።

ሰይፉ ከማማው ሲወርድ ደረጃው ሥር ጠበቀችው።

«የላይኛውን አየኸው?» አለችው። «ከሙከራው በኋላ።»

«ሄደች እኮ፣ አመለወርቅ።»

«አየኸው ወይ ነው ያልኩህ።»

«በሰላም ሄደች። አሁን ይህን መጠየቅ ምን ያደርግልሻል?» ፌስታሉን በብብቱ ይዞ አለፋት።

የከሰዓቱ ፈረቃ የእሷ ነበር። ደረጃውን ወጣች። ክፍሉ ውስጥ የሰይፉ ሽቶና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ አለ፤ ሬድዮው ሙዚቃ ላይ ተትቷል። ዘጋችው። ሜዳው ላይ ሌላ ሮኬት ቆሟል፣ ሌሎች አርባ ሰዎች ድልድዩን ይሻገራሉ፣ አንዳቸውንም አታውቅም። ወንበሩን ወደ ግድግዳው ገፍታ መነጽሩ ሥር ቆመች፤ ደወሉ እስኪጮኽ አልጠበቀችም።